ሳድስ ይቀድማል

መብራቱ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ መደዳ በመደዳ፤
ጉንጬን ከቀዩ ቁልፍ አስጠግቼ፣ እንደ ደጅ ጠኚ እንግዳ፣
እጠብቃለሁ።
ሀ አለፈ። ለ አለፈ። መ ላይ ሲደርስ፣ ጠቅ።
ቤተሰቡ ተደርድሮ ይወጣል፣ ሰባቱም፣ አንዱ ሳይርቅ።
መብራቱ አሁን ወደ ጎን ይሄዳል፤ ልቤም አብሮት ይሄዳል፤
ለአፍታ ከዘገየሁ ካዕቡ አልፎ ሣልሱ ይመጣል፤
ሙ ብዬ ያሰብኩት ሚ ሆኖ ይቀራል።
ከላይ መጀመር ነው እንግዲህ።
ከላይ መጀመር ለምጃለሁ።

ይህን የሠራው ናሆም ነው፣ ከታች ፎቅ የምትኖረው የትርሐስ ልጅ፤
ዊኒፔግ ተወልዶ ዊኒፔግ ያደገ፣ ፊደል የቆጠረ በእኔ እጅ፤
በእኔ ጉንጭ ልበል እንጂ፣
እጄማ ከከዳኝ ሦስት ክረምት አለፈው።
ፕሮግራሙ ቀላል ነው፤ ማውዝ አይፈልግም፣ ኪቦርድ አይፈልግም፤
አንድ ቁልፍ፣ አንድ ነጭ ገጽ፣ ሌላ ጌጥ የለውም።

«ጋሼ» አለኝ አንድ ቀን፣ «ይሄ ሁሉ ሀ ምን ይሠራል?
ትርፍ ትርፉን ላጥፋውና መንገድዎ ያጥራል።»
«አይሆንም» ብዬ ጻፍኩለት። አራት ደቂቃ ወሰደብኝ።
«ንጉሥ በየትኛው ሰ ነበር?» ብሎ እዚያው አላገጠብኝ።
በመጨረሻ ታረቅን፤ ትርፎቹ ወደ ታችኛው መደዳ ወረዱ፣
እንደ ጡረተኛ ሹማምንት፣ ካልጠሯቸው ላይመጡ፣ ቢጠሯቸው ላይከዱ።

ደግሞ አንድ ሌሊት ተቀምጦ ቆጠረ፣ የጻፍኩትን ሁሉ፣
ከሰባቱ ወንድማማቾች የቱ እንደሚበዛ በየቃሉ።
ሳድስ ሆነ።
አንዳንዴ ድምፅ እንኳ የሌለው፣ ከንፈር ገጥሞ የሚቀረው፤
ዕድሜውን ሙሉ ስድስተኛ የተሰለፈውን፣ ናሆም ፊት አመጣው።
እኔ በተማርኩበት ደብር ግዕዝ ነበር የሚቀድመው፤
እዚህ ገጽ ላይ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው
ዝምተኛው ነው።

ፊደል ሁሉ ዋጋ አለው፤ ስለዚህ ስድብ ትቻለሁ።
ኤድመንተን ላለው ወንድሜ፣ ለአጥላባቸው፣ ቁጣ ጀምሬ አውቃለሁ፤
ሦስተኛው ቃል ላይ ስደርስ ምሳ ደረሰ፤
ከምሳ በኋላ ብመለስ ንዴቱ በርዶ ነገሩ ፈረሰ።
ግማሹ ዓረፍተ ነገር እስካሁን ፋይሉ ውስጥ አለ፦
«አንተ ያን ቀን»፤
አልጨረስኩትም፣ አላጠፋሁትም።

ባለፈው ወር ናሆም አዲስ ነገር ጨመረበት፣ ቃል መገመት፤
የጻፍኩትን ሁሉ አጥንቶ፣ ይደርሳል ከእኔ በፊት።
«ደህ» ስል «ደህና» ይላል። «ደህና» ስል ከሥር ይጠብቀኛል «ነኝ»።
አንዴ ጠቅ፣ አለቀ። ለእህቴም፣ ለሐኪሙም፣ ለባንኩም፣ ደህና ነኝ።
ስንት ጊዜ ብየው ይሆን፣ ማሽኑ እንዲህ በቃሉ የያዘኝ?

ዛሬ ሌሊት፣ በረዶ ጠራጊው መኪና በሳርጀንት መንገድ ሲያልፍ፣
ቢጫ መብራቱ ጣራዬን በሽፍንፍን ጥሎት ሲከንፍ፣
ለእህቴ ለየሺመቤት «ደህና» አልኩ።
«ነኝ?» አለኝ ከሥር፣ ብልጭ ድርግም እያለ።
አሳለፍኩት።
አ። ይ። ደ አመለጠኝ፤ ከላይ። ደ አመለጠኝ፤ ከላይ።
ደ። ለ። ሁ።
የመጨረሻው ም ግን አላስጠበቀኝም፤
ሳድስ ነውና ፊት ቆሞ ነበር።
ዘጠኝ ደቂቃ። ላክሁት።

ጠዋት ናሆም መጣ፣ በረዶ ቆቡ ላይ እንዳለ፤
ስክሪኑን አየና ጓንቱን አወለቀ፣ አንዳች አላለ።
«ያሻሽሉ» የሚል ቁልፍ ሊፈልግም አልሞከረ።
ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።
ዝም አልን።
ዝ ሳድስ ነው። ም ሳድስ ነው።
በዚህ ፕሮግራም ከሁሉ ፈጥኖ የሚጻፍ ቃል።